ስድስት ቤት የሸፈነች ነጥብ

ይህን ወሬ ያቀበለችኝ ጎረቤቴ አስቴር ናት። አስቴር እዚህ ሶዶ ከተማ ውስጥ የውሃ ጉዳይ በሚያይ አንድ መሥሪያ ቤት ሻይ ታፈላለች። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ እነሱም የእኔን አይጠሩም፤ በሰላም እንኖራለን። መቼም የመሥሪያ ቤት ምስጢር ማወቅ የፈለገ ሰው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ምን ያደርሰዋል? ሥራ አስኪያጁ ሲገባ ሁሉም ወረቀቱን ይከድናል። ሻይ የያዘች ሴት ስትገባ ግን ወረቀቱን ገፋ አድርጎ ለብርጭቆው ቦታ ያበጃል እንጂ የሚከድን የለም። አስቴር ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። እኔ አራተኛ ላይ ቆሜአለሁ። ሁለታችን ስንደመር አሥራ ሁለተኛን የጨረስን ሰው ነን፤ ያውም ማንም ሳይፈትነን።

እናም ከአስቴር የሰማሁት፣ በዓይኔ ያየሁት፣ ጥቂትም በአጥሬ ቀዳዳ የመጣልኝ ተደማምሮ ነው አሁን የምነግራችሁ።

ነገር ሁሉ የሚሠራው ሁለት ጊዜ ነው። ኢንጂነሮቹ የመጀመሪያውን ፕሪሊሚናሪ ዲዛይን፣ ሁለተኛውን ዲቴይል ዲዛይን ይሉታል። ስሙ የፈረንጅ ይሁን እንጂ ነገሩን እኛም እናውቀዋለን። ልጅ ለመዳር ሲታሰብ አንዷ አክስት ትመጣና፣ ‹‹እዚያ ማዶ አንድ ደህና ቤተሰብ አለ፤ ልጁም አይከፋም፤ ለመኸር ገደማ ቢሆንስ?›› ትላለች። ይሄ ፕሪሊሚናሪ ነው። ‹‹ማዶ››፣ ‹‹ገደማ››፣ ‹‹አይከፋም››፣ ‹‹ቢሆንስ››። ከዚያ ሽማግሌ ይቀመጥና የልጁ አያት ማን ነበሩ፣ ስንት ሚዜ ይመጣል፣ ዝናብ ቢሆን ሙሽራዋ ወንዙን በየት ትሻገራለች፣ የትኛው አጎት ከየትኛው አጎት ጎን መቀመጥ የለበትም፣ አንድ በአንድ ይለቀማል። ይሄ ዲቴይል ነው። በመጀመሪያው ማንም አይጣላም። በሁለተኛው ያልተጣላ ቤተሰብ ካለ አሳዩኝ፤ ቡና ጠጥቼበት ልምጣ። እንግዲህ ሞኝ የሚባለው ማነው? በአክስት ወሬ ድንኳን የሚተክል ነው።

እኛ ሰፈር ድንኳን ተተከለ።

ጊዜው የልማት ጊዜ ነበር፤ እናንተም አትረሱትም። ያኔ ያልሠራ ነገር አልነበረም፤ ሁሉም ‹‹በሂደት ላይ›› ነበር። ወተት ያቆመች ላም እንኳ በሂደት ላይ ነች። አንድ ለአምስት ተደራጅተን፣ በሳምንት አንዴ ተገማግመን፣ ውሃ ግን ከሸለቆው ማዶ ካለችው ምንጭ በጀርባችን እናመጣ ነበር። ሰፈራችን ከከተማው ጫፍ፣ ከዳሞታ ተራራ ሥር ነው። መንገድና ውሃ ስንጠይቅ ‹‹እናንተ ገጠር ናችሁ›› እንባላለን፤ ስብሰባ ሲጠራ ‹‹የከተማው ነዋሪ በሙሉ›› ውስጥ እንገባለን። ወደ ሸለቆው ሲወረድ መዝሙር ነው፣ ሲወጣ ኑዛዜ ነው።

ለሻጊቱ ደግሞ ከኑዛዜም በላይ ሆነባት። ሻጊቱ ከእኔ በታች የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ወንዱ ልጇ ሁምቦ ወርዶ በቆሎ ያርሳል። ሴቷ ልጇ አማረች አስተማሪ ሆና ዲምቱ ተመደበች። አማረች በሄደች በወሩ የሻጊቱ ጉልበት አበጠ፤ ለካ ያን ሁሉ ዘመን ጄሪካኑን ሲሸከም የኖረው የልጅቷ ጉልበት ነበር። ልጇ ከሁምቦ፣ ‹‹ቆላው ለጉልበትሽ ይስማማሻል፤ ቤቱን ልቀቂና ነይ›› ይላታል። እሷ፣ ‹‹እንሰቴንስ? ተክዬ፣ ነቅዬ፣ መልሼ ተክዬ ያሳደግሁትን? ጠቅልዬ በጋሪ አልጭነው!›› ትላለች። እንሰት ለማያውቀው ቅጠል ነው፤ ለሚያውቀው ዕድሜ ነው። እንግዲህ ነገሩ አጭር ነበር። ውሃ ከቀረበ ሻጊቱ በቤቷ ትኖራለች፤ ካልቀረበ ሁምቦ ትወርዳለች።

ከሻጊቱ አጥር በላይ፣ ጉብታው ላይ፣ አቶ ላቼቦ አሉ። የውሃ ኮሚቴው ሊቀ መንበር፣ የወላጆች ኮሚቴ አባል፣ የአንድ ለአምስቱ ጠርናፊ፣ በግምገማ ቀን ደግሞ ገምጋሚ። ቤታቸው ከፍ ያለ ስለሆነ በራቸው ላይ ቆመው የሁላችንንም ጓሮ ያያሉ። እኔ ለማየት አጥር መብሳት አለብኝ፤ እሳቸው ጥርሳቸውን እየፋቁ ይጨርሱታል። ታዲያ ወሬኛ የምባለው እኔ ነኝ! ለማንኛውም አቶ ላቼቦ ከዚያ ከፍታ ሆነው ሲያዩ የሻጊቱን ግቢ አብዝተው ያዩት ነበር። ለልጃቸው ጎጆ መውጫ እንደሚሆን አስበዋል። ማሰብ ደግሞ አያስወቅስም፤ ፕሪሊሚናሪ ነው።

አንድ ቀን ነጭ ፒካፕ መጣችና ከውስጧ ኢንጂነር ምህረቱ ወረደ። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ጫማው ከእኛ ጭቃ ጋር ገና ያልተዋወቀ ልጅ። ምንጩን በዓይኑ አየ። ሰፈሩን በዓይኑ አየ። ጥቂት ተራመደ፣ ጥቂት ጻፈ፣ ከምሳ በፊት ሄደ። ቢሮው ገብቶ ካርታ ዘረጋና ምንጯ አጠገብ ለታንከሩ አራት ማዕዘን፣ ከታንከሩ ወደ እኛ ደግሞ አንድ መስመር ሳበ። በመስመሩ ጫፍ፣ ውሃው በሚቀዳበት ቦኖ ቦታ፣ በወፍራም ሰማያዊ ማርከር አንዲት ነጥብ አኖረ። አስቴር ብርጭቆ ስታነሳ አየቻት። ‹‹ሽምብራ ታክላለች›› አለችኝ።

በማግስቱ ኮሚቴው ነጥቧን ሊያይ ሄደ። አቶ ላቼቦ ካርታው ላይ ጎንበስ አሉና አውራ ጣታቸውን ጫኑባት። ‹‹ይቺ የኔ ጓሮ ናት።››

‹‹አባቴ፣›› አለ ኢንጂነሩ፣ ‹‹ይሄ እኮ ፕሪሊሚናሪ ነው። ውሃው ይበቃል ወይ፣ ሥራው ይቻላል ወይ፣ በየት በኩል ቢሄድ ይሻላል የሚለውን ለማወቅ ነው። ነጥቧ ‹እዚህ አካባቢ› ለማለት ነች እንጂ በካርታው ልክ ከሄድን ስድስት ቤት ትሸፍናለች። መሬቱ ገና በመሣሪያ አልተለካም። ዲቴይሉ ሲሠራ ቦኖው ወደ ላይም ወደ ታችም ሊሄድ ይችላል።››

ይህን ሁሉ አስቴር ስኳር እያማሰለች ሰምታለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የአቶ ላቼቦ ጆሮ ‹‹ወደ ላይም›› የምትለዋን ይዞ፣ ‹‹ወደ ታችም›› የምትለዋን ለአስቴር ተወላት።

በዚያው ሳምንት ኢንጂነሩን ጋበዙት። ለእንግዳ የሚቀርበውን ታውቁታላችሁ፤ ጥሬ ሥጋ ነው፣ የቃሪያ ዳጣ ነው፣ ቆጮ ነው። ልጁ ዳጣውን እንደ ሰላጣ ጎርሶ እንባው በሁለት ጉንጩ ወረደ። አቶ ላቼቦ በማግስቱ፣ ‹‹ጓሮዬን ለውሃው እሰጣለሁ ስለው ልቡ ተነክቶ አለቀሰ›› ብለው አስወሩ። እኔ ግን በቀዳዳዬ አይቻለሁ። ያስለቀሰው ዳጣው ነው።

ከዚያ እሑድ መጣ። ከጸሎት ቤት ስንመለስ እድሩ ሜዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ከቀበሌም አንድ ማስታወሻ ደብተር የያዘ ካድሬ ተገኝቷል፤ ያኔ ካድሬ ያልተገኘበት ስብሰባ እንደ ስብሰባ አይቆጠርም። አቶ ላቼቦ ተነሡ፤ ከእግራቸው ሥር እርጥብ ሣር ነጩ፤ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አባ ዶጊሶ ሄደው ሣሩን በመዳፋቸው አኖሩ። እንግዲህ እኛ ዘንድ ይሄ ቀልድ አይደለም። በሽማግሌ መዳፍ ሣር ያኖረ ሰው የሰጠውን አይመልስም፤ ልጁም አይመልስ፣ የልጅ ልጁም አይመልስ። ሣር ፕሪሊሚናሪ የለውም።

‹‹ለቦኖው መሬት ሰጥቻለሁ›› አሉ።

ከኋላ አንድ ሰው፣ ‹‹ግን ውሃ ጉብታ ይወጣል እንዴ?›› ብሎ አጉረመረመ። ካድሬው ደብተሩን አጠፍ አድርጎ፣ ‹‹የእኛ ዕድገት ወደ ላይ ነው!›› አለ። አጨበጨብን። ምን እናድርግ? ያላጨበጨበ ይጻፋል።

አባ ዶጊሶ አላጨበጨቡም፤ እጃቸው ሣር ይዟል። አባ ዶጊሶ ፊደል አልቆጠሩም፤ ፓስፖርት ፎቶ እንኳ ተነስተው አያውቁም። ግን በዚህ ሰፈር ድንበር ሲያጣላ፣ ሬሳ ሲወጣ፣ ልጅ ሲታጭ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ዝግ ብለው ጠየቁ።

‹‹ላቼቦ፣ ለውሃው ነው የሰጠኸው ወይስ ለሕዝቡ?››

አቶ ላቼቦ ወደ ካድሬው ዘወር አሉ። ካድሬው ብዕሩን አንሥቷል። ‹‹ለሕዝብ!›› አሉ።

‹‹ውሃው ባይመጣስ?››

‹‹አባ፣ እንዴት ነው የሚጠይቁኝ? ላቼቦ ለሕዝብ ሰጥቶ መልሶ ያውቃል? ቢመጣም ባይመጣም ለሕዝብ ነው!››

‹‹መልካም። ከየት እስከ የት?››

‹‹ያው… ጓሮውን ነዋ።››

‹‹ጓሮ ስም ነው። ከየት እስከ የት?››

አባ ዶጊሶ ተነሡና ጉብታውን ወጡ፤ እኛም ተከተልን። በከዘራቸው ለኩ። ወርዱ ይህን ያህል ከዘራ፣ ርዝመቱ ይህን ያህል ከዘራ፤ መግቢያው በየት በኩል፣ የዝናብ ውሃ የሚወርደው ወደ ማን ግቢ፣ የጎረቤት እንሰት ጥላ የት ድረስ ይደርሳል። አራት ችካል አስቆርጠው በአራቱ ማዕዘን በድንጋይ አስመቱ። በየችካሉ ሁለት ሁለት ምስክር አቆሙ። እኔንም በአንዱ። ያን ቀን ማናችንም ስሙን አላወቅንለትም እንጂ፣ በሰፈራችን የመጀመሪያው ዲቴይል ዲዛይን የተሠራው ያን እሑድ ነው፤ ያውም በከዘራ።

አቶ ላቼቦ በማግስቱ በአራቱ ችካል መካከል የነበረውን እንሰታቸውን ነቅለው መሬቱን እንደ አውድማ አጸዱት። ቀጥለው በእሳቸውና በሻጊቱ ግቢ መካከል፣ ከዋናው መንገድ ወደ ሻጊቱ በር የምትወርደውን የሁላችንንም መተላለፊያ አጠሩ። ‹‹ከእንግዲህ ውሃ የሚቀዳ ሰው በዋናው በሬ ነው የሚገባ›› አሉ። የቦኖ ቁልፍ ማንጠልጠያ የሚሆን ሚስማርም ከበራቸው ጀርባ መቱ። ቦኖ የለም፣ ቁልፍ የለም፣ ሚስማሩ ግን አለ። ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ተረት እኮ ስለ ላም ብቻ ነው፤ በሰማይ ላለች ላም ማሰሪያ ችካል የመታ ሰው እስከዚያን ቀን አላየሁም ነበር።

ከዚያ ሻጊቱ ዘንድ መጡ። እኔ አጥሬ ሥር ጎመን ስቀነጥስ ነበር። ጎመኑ ብዙ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

‹‹ሚቾ፣›› አሏት፤ በወላይትኛ እኅቴ ማለታቸው ነው፤ እሳቸው ወላይትኛ የሚያወሩት ሲያዝኑና ሲያታልሉ ነው። ‹‹ማባረሬ እንዳይመስልሽ። ግን ዲዛይኑ አልቋል፤ ውሃው እኔ ግቢ ነው። በዚህ ጉልበትሽ ጉብታውን አትወጪውም። ልጅሽም እየጠራሽ ነው። ቦታውን ለልጄ ልቀቂልኝና ደህና አድርጌ ልሸኝሽ።››

‹‹አለቀ አሉኝ?››

‹‹አልቋል! በዚህ ጣቴ ነክቼዋለሁ።››

ሻጊቱ ወደ እንሰቷ ዘወር አለች። ከዚያ፣ ‹‹ጊፋታ ሳይሆን አልወጣም›› አለች። ጊፋታ ዘመን መለወጫችን ነው፤ ዓመትን ሰው በገዛ ቤቱ ነው የሚቀበለው። ‹‹ጊፋታን እዚሁ ውዬ፣ በማግስቱ ልጄ ጋሪ ይዞ ይምጣ።››

እንደዚህ ነው ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ የሚባለው። የሚገርመው ግን ውሃው ገና አልመጣም ነበር።

ክረምቱ አለፈ። ሻጊቱ ዕቃዋን ቀስ በቀስ መጠቅለል ጀመረች። ድስቱን ከድስቱ፣ ጨርቁን ከጨርቁ። በየቀኑ እንሰቷ መሃል ገብታ ቆማ ትወጣለች። ምን ትሠሪያለሽ ብላት፣ ‹‹እቆጥራለሁ›› አለችኝ። ለማን እንደምትቆጥር አልጠየቅኋትም። እኔም አንዳንዴ ዝም እላለሁ፤ ማንም ባያምነኝም።

ጊፋታ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነጯ ፒካፕ ተመለሰች። ኢንጂነር ምህረቱ አሁን ቦቲ አድርጓል። ሦስት እግር ያለው መነጽር ተከለ፤ አንዱ ሠራተኛ ቀይና ነጭ የተቀባ ረጅም ዘንግ ይዞ ከምንጩ እስከ ጉብታው፣ ከጉብታው እስከ ሻጊቱ በር ቆመ፣ ሄደ፣ ቆመ፣ ሄደ። ኢንጂነሩ በመነጽሩ እያየ ይጽፋል። ሦስት ቀን ሙሉ! ያን ጊዜ በግማሽ ቀን ያየውን ሰፈር አሁን በሦስት ቀን አልጨርስ አለ። እኛም ‹‹ልጁ ደነዘዘ›› ብለን አማነው። አቶ ላቼቦ ጓሮ ላይ ዘንጉ ሲቆም ግን ልጁ መነጽሩን ሁለት ጊዜ አየ፣ ደብተሩን ሁለት ጊዜ አየ፣ ጭንቅላቱንም አከከ። አቶ ላቼቦ ‹‹አደነቀ›› አሉ።

በማግስቱ አስቴር ከሥራ ስትመለስ ሽሩባዋ ሁሉ ቆሟል። በአጥሬ በኩል ሳይሆን በአጥሬ ላይ ገባች ብል አላጋነንኩም። በኢንጂነሩና በአለቃው መካከል የሆነውን ድምፃቸውን እየቀየረች ነገረችኝ።

አለቃው፣ ‹‹ሪፖርቱ እኮ ሄዷል! ‹የቦኖው ቦታ በአቶ ላቼቦ ሰፈር ተለይቷል፤ ኅብረተሰቡ መሬት አስረክቧል› ብለን ልከናል!››

ኢንጂነሩ፣ ‹‹ሪፖርቱ ይሄዳል ጌታዬ፤ ውሃው ግን አይሄድም። ያ ግቢ ከታንከሩ በሁለት ሜትር ከፍ ይላል።››

‹‹ታዲያ ያኔ ለምን ነጥቡን እዚያ አደረግህ?››

‹‹እዚያ አካባቢ ነው ያደረግሁት። ፕሪሊሚናሪ ነበር።››

‹‹ፓምፕ ብናስገባስ?››

‹‹ፓምፑን በምን እናንቀሳቅሰው? እዚያ ሰፈር መብራትም እኮ በፕሪሊሚናሪ ላይ ነው።››

አለቃው ብዙ ተነፈሰ አለች አስቴር፤ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ተነፈሰ። ከዚያ ቦኖው ወደ ታች፣ ከታንከሩ ዝቅ ወዳለው ቦታ እንዲወርድ ተስማሙ። የትኛው ቦታ በሉኝ? አቶ ላቼቦ ያጠሯት መተላለፊያ ጫፍ፣ ሻጊቱ በር ላይ!

ተያይዘን ሮጥን። ሻጊቱ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የተወሳሰበ ገመድ ትፈታ ነበር፤ ለጋሪው ጭነት። አስቴር እየተንተባተበች ነገረቻት። ሻጊቱ ገመዱን አልጣለችም።

‹‹በእርሳስ ነው የጻፉት በእስክሪብቶ?››

‹‹በኮምፒዩተር ነው!›› አለች አስቴር።

‹‹መብራት ሲጠፋ አይጠፋም?››

አስቴር አየችኝ። እኔም አየኋት። አሥራ ሁለተኛ ክፍላችን እዚህ ላይ አላገዘንም።

‹‹ሂዱ በቃ፣›› አለች ሻጊቱ፣ ‹‹አንዴ አልቋል ተባልኩ። አሁን ደግሞ ሌላ አልቋል አመጣችሁልኝ። ተስፋ ሁለት ጊዜ አያስጠቅልለኝ።›› እና ገመዷን መፍታት ቀጠለች።

ልክ ነበረች። እኛ ያመጣንላት ወሬም እኮ ፕሪሊሚናሪ ነው።

የጊፋታ ዋዜማ ጧት ኢንጂነሩ መጣ። መተላለፊያዋ ላይ የታጠረውን አጥር ሠራተኞቹ አነሡት፤ የመንግሥት መንገድ ነው ተባለ። ከምንጩ እስከ ታች በየርቀቱ ችካል እየመቱ ወረዱ፤ በየችካሉ አናት ላይ አንዲት ትንሽ ምስማር አለች። የመጨረሻዋን ችካል ሻጊቱ በር ላይ፣ ከመቃኑ አራት እርምጃ ያህል ወጣ አድርገው መቱ። ሻጊቱ ከቤት ወጣች። ጉልበቷን ይዛ፣ እያነከሰች፣ ችካሏ አጠገብ ደረሰች። ሰፈሩ ሁሉ ጠጋ አለ፤ እኔም ጭምር።

‹‹ልጄ፣›› አለችው ኢንጂነሩን፣ ‹‹ይሄ ‹አካባቢ› ነው ወይስ እዚሁ?››

ልጁ ወረቀቱን አየ። ችካሏን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጣቱን ምስማሯ ላይ አኖረ።

‹‹እዚሁ ነው እናቴ። ምስማሯ ላይ።››

ሻጊቱ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፣ እልልም አላለች። ምስማሯን ብቻ በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገቻት፤ ትኩስ መሆኗን እንደሚያይ ሰው።

አቶ ላቼቦ ከጉብታቸው ሲወርዱ ጫማቸውን እንኳ በትክክል አላደረጉም። ‹‹ይሄ ምንድነው? ነጥቧን እኮ በዚህ አውራ ጣቴ ነክቻታለሁ!››

‹‹አባቴ፣›› አለ ኢንጂነሩ፣ ‹‹የእርስዎ አውራ ጣት ብቻውን ሦስት ቤት ይሸፍናል።››

የሳቅነውን ሳቅ አልቆጥረውም። ብቻ ያን ሳቅ ጉብታውም ሰምቶታል፤ ውሃው ነው እንጂ ሳቅ ዳገት ይወጣል።

በማግስቱ ጊፋታ ነበር። በጊፋታ ቂም ይዞ አዲስ ዓመት መሻገር የለም፤ ሽማግሌ ተቀምጦ የተጣላ ሁሉ ይታረቃል። አቶ ላቼቦም አባ ዶጊሶ ፊት ቀረቡ፤ ከማን ጋር እንደተጣሉ ግን ለማወቅ አስቸገረ። ከኢንጂነሩ ነው? ከመነጽሩ? ከዳሞታ ቁልቁለት? ሲጨነቁ ቆይተው የልባቸውን አወጡ።

‹‹አባ፣ ያን መሬት የሰጠሁት ለውሃው ነበር። ውሃው ቀረ። መሬቴ ይመለስልኝ።››

‹‹ለውሃው ነው ለሕዝቡ ብዬ ጠይቄህ ነበር፣ ልጄ።››

‹‹ሰው በስብሰባ ላይ ብዙ ነገር ይላል እኮ!››

‹‹ባይመጣስ ብዬም ጠይቄህ ነበር። ከየት እስከ የት ብዬም ጠይቄህ ነበር። አራት ችካል፣ ስምንት ምስክር።›› አባ ዶጊሶ ዓይናቸውን ወደ እኔ መለስ አደረጉ፤ እኔም የምስክርነት ፊቴን አደረግሁ። ‹‹እንግዲህ መሬትህን ከፈለግህ በእጄ ያኖርከውን ሣር መልሰህ ውሰድ።››

‹‹ሣሩ የታለ?››

‹‹ያኔውኑ ፍየሌ በልታዋለች። ከሆዷ ታወጣው እንደሆነ እሷን ጠይቅ።››

ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ይሄ ነው። ኢንጂነር ነጥቡን ያንቀሳቅሳል፤ መብቱ ነው፤ እንዲያንቀሳቅስ ነው ያስተማሩት። የመሥሪያ ቤት ወረቀትም በወረቀት ይሻራል። ፍየል የበላው ሣር ግን በምን ይሻራል? አቶ ላቼቦ ሁሉን ነገር አውቀው ይህችን አንዷን ሳቱ። የመንግሥትን ፕሪሊሚናሪ ዲቴይል ነው ብለው ያዙ፤ የሽማግሌን ዲቴይል ፕሪሊሚናሪ ነው ብለው አሾፉበት። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ የእኛው ጅብ ደግሞ የነከሰው የራሱን ቀንድ ነው።

የሻጊቱ ልጅ በቀጠሮው ቀን ጋሪውን እየነዳ ከሁምቦ መጣ። ችካሏን አሳየችው። ባዶውን እንዳይመለስ የጊፋታ ሥጋና የእንሰት ችግኝ ጭና ሸኘችው። ቆላ ላይ ይያዝ አይያዝ እንጃ፤ እሷ ግን ‹‹ይሞክረው›› አለች።

ቦኖው በዓመቱ ተመረቀ። ሪባን የቆረጡት ሰውዬ ስማቸው ድንጋይ ላይ ተቀርጿል፤ ሰፈራችንን ሲያዩ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር፤ የመጨረሻቸውም ሆነ። ድንጋዩ ላይ የተጻፈው ‹‹በአቶ ላቼቦ ሰፈር›› የሚል ነው፤ ሪፖርቱ ሄዷል አላልኳችሁም?

የቀረውን በአጭሩ ልንገራችሁ።

ኢንጂነር ምህረቱ ቤሌ ወርዶ ሌላ ካርታ ላይ ሌላ ነጥብ አኖረ። አሁን ግን በቀጭን ብዕር ነው ትላለች አስቴር።

አስቴር እዚያው መሥሪያ ቤት ሻይ ታፈላለች።

ካድሬው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ፤ በዕድገት።

የአቶ ላቼቦ ልጅ ጎጆ የወጣው በተከራየው ቤት ነው። አቶ ላቼቦ ከጓሯቸው በሰጡት መሬት ላይ እድሩ አራት ግድግዳና ቆርቆሮ አቁሞ የእድር ዕቃ ቤት አደረገው። ሰው በሞተ ቁጥር ድንኳኑና ብረት ድስቱ በእሳቸው በር ይወጣል፣ በእሳቸው በር ይገባል። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ የሚሰቀለው በዚያችው በሚስማራቸው ላይ ነው። ውሃ የሚቀዱት ባለቤታቸው ናቸው፤ ጉብታውን ወርደው፣ ጉብታውን ወጥተው።

አባ ዶጊሶ ቦኖው በተመረቀ በሁለተኛው ክረምት አረፉ። ከዚያ ዕቃ ቤት መጀመሪያ የወጣው ድንኳን ለእሳቸው ነበር።

ሻጊቱ የቦኖው ቁልፍ ያዥ ናት። ሁምቦ አልወረደችም።